የሱሃና የሙጋ ውሃ ድርሻ ሳይጻፍ እንዳይቀር

የቢቸናና የሞጣ ሽማግሌዎች ወንድሞቼ፤ ደም ስታደርቁ፣ እርቅ ስታወርዱ የኖራችሁ ናችሁና ይህን ለእናንተ እናገራለሁ። ወደ ሱሃና ሙጋ ወንዞች የሚመጣ ጠብ ይታየኛል። ሳይደርስ እንምከርበት።

በጢስ ዓባይ የሆነውን አስቡ። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ መዝጊያ ያለው ግድብ ተሠራ። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ 73 ሜጋ ዋት ሊያመነጭ ሲነሣ፣ ውሃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ ወደ ተርባይን ገባ፤ አገር የሚደነቅበት ፏፏቴ በበጋ ሰለለ። ዝናቡ አንሶ ለማመንጫው የሚለቀቀው ውሃ ሳይቀንስ በመቅረቱ፣ በ1995 ዓ.ም. ጣና እጅግ ወረደ። ጀልባ ቆመ፤ ሐይቁ በሸሸበት መሬት ገበሬ አረሰ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋ ዋቱ ጣና በለስ ተመርቆ የሐይቁን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወሰደ። ያን ሁሉ ውሃ ሲሻማ የነበረው ጢስ ዓባይም በተራው ውሃ አጥቶ ተጠባባቂ ሆነ።

መብራትን አልጠላም። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ስጋቴ ስለ መዝጊያው ነው። መዝጊያውን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሰው ከታች ማን እንደሚጠጣ የሚያውቀው ተጽፎ ሲቀመጥለት ብቻ ነው። በደብረ ማርቆስ በኩል የጨሞጋ-የዳ ማመንጫ ዕቅድ ዓመታትን አስቆጥሯል። የእኛም ወንዞች ከዚያው ከጮቄ ተራራ ነው የሚወርዱት፤ ማመንጫ ወደ እኛ አይመጣም የሚል ካለ ራሱን እያታለለ ነው።

የሚያሳፍረኝ ግን የራሳችን ነገር ነው። የውሃ አባት ተራ ሲያስይዝ በቦይ የሚሄደውን ውሃ ሁሉ ያይ ነበር። ዛሬ ላይኛው ሰው ሌሊት በሞተር ፓምፕ ለሽንኩርቱ ሲስብ፣ ታችኛው ሲነጋ ከብቱን የሚያጠጣበት ያጣል። ጮቄም ክረምቱን እንደ ጎተራ ይዞ ለበጋ ያወጣልን ነበር፤ ሣሩን አርሰን ባሕር ዛፍ ተከልንበት። እርስ በርሳችን ሳንስማማ መንግሥት ፊት ብንቆም ማን ይሰማናል?

ሕጉ አለ። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለሰው መጠጥና ለቤት አገልግሎት ቅድሚያ ይሰጣል። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማህበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ደግሞ ገበሬው በማህበር ተደራጅቶ በሕግ እንዲታወቅ ያደርጋል። ድርሻውን ያላስመዘገበን ግን አዋጅ ብቻውን አያድነውም።

ስለዚህ ከጥር በፊት የላይኛውንም የታችኛውንም አንድ ላይ አስቀምጡ። ወንዙ በሚያንስበት በመጋቢትና በሚያዝያ ለሰው፣ ለከብትና ለመስኖ የሚያስፈልገውን አስለኩ፤ የፓምፑን ተራ ወስናችሁ ጻፉ፤ ፈርማችሁም ለየወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት አስረክቡ። ይህን ሳናደርግ የሚመጣው በጋ እንዳያገኘን።