ከቤት ውጭ ስለ መመገብ

ባለፈው ቅዳሜ በአዲስ አበባ ከሚገኙት አነስተኛ ምግብ ቤቶች ጥቂቶቹን ለመሞከር አስበን በማለዳ ከቤት ወጣን። አስቀድመን ከፉል ቤት ገባን። ተቀቅሎ የተደቆሰው ባቄላ ዘይት ፈስሶበት፥ ሽንኩርትና ቃሪያ ተጨምሮበት ከትኩስ ዳቦ ጋራ ቀረበልን፤ ወደ ሥራ ለሚቸኩል ሰው እጅግ የሚስማማ ቍርስ ነው። ምሳችንን በሽሮ ቤት አደረግን። ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ መጣ፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር የቤታችን ሽሮ ይበልጠዋል።

ወደ ማታም ከኬክ ቤት ተቀምጠን ቦምቦሊኖ በማኪያቶ ቀመስን። ሁለቱም ስሞች ከኢጣልያ ቋንቋ የመጡ ናቸው፤ ማኪያቶ ማለት «ነጠብጣብ ያረፈበት» ማለት ሲሆን፥ ይህን ስም ያገኘው ቡናው በጥቂት ወተት ስለሚነካ ነው። ሦስት ልጆች ስላሉንም ሦስት ቦምቦሊኖ በወረቀት አስጠቅልለን ገባን።

የቤታችን እመቤት ለልጆቹ አካፍላ ስታበቃ፥ በጣቷ ላይ የቀረውን ስኳር ብቻ ቀመሰች። ያን ጊዜ አፈርን። ቀኑን ሙሉ ጣዕም ስንመረምር፥ ጣዕምን ከእኛ ይልቅ የምታውቀውን ከምድጃው አጠገብ ትተናት ኖሯል።

አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ሌላ ሰው ያበሰለውን መብላት ዘወትር ለምታበስል ሴት ጥጋብ ብቻ ሳይሆን ዕረፍትም ነው። ስለዚህ ጥቅል ይዞ ወደ ቤት ከመመለስ ይልቅ እመቤቲቱን ይዞ ወደ ገበታው መሄድ ይሻላል። እኛም በሚመጣው ቅዳሜ እንዲሁ ለማድረግ ቈርጠናል።