እንግሊዝኛ ለፈተና ብቻ ከሆነ አይገባንም



በቅርቡ በጀመዓችን ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ከዐስር እስከ መግሪብ ከምንቀመጥባቸው የዐረብኛ ደርሶች የአንዱ ቀን ለእንግሊዝኛ ይሰጥ የሚል። ክርክሩ ሞቅ እንዳለ አዛን ተሰማና ሳይቋጭ ተነሣን። እኛ ሐሳቡን እንደግፋለን። የምንደግፈው ግን በዕለቱ ደጋግሞ ሲነሣ በነበረው ምክንያት አይደለም።

ሲነሣ የነበረው የመውጫ ፈተና ነው። እርግጥ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ፈተናውን ሳያልፉ ዲግሪ መያዝ የለም፤ ጥያቄውም በእንግሊዝኛ ነው። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱ 100 ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ያህል ብቻ እንደነበሩም ማንም አልረሳውም። ትምህርቱን እያወቁ ጥያቄው ሳይገባቸው የወደቁ ጓደኞች ሁላችንም አሉን። ስለዚህ ጭንቀቱ ይገባናል።

ነገር ግን ፈተና ቋንቋ ሲያስተምር አላየንም። ማስረጃዎቹ እኛው ነን። እንግሊዝኛን ፊደል ከቆጠርንበት ዘመን አንሥቶ ተምረናል፤ ከ9ኛ ክፍል ወዲህማ ሒሳቡም ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ምክንያታችን አንድ ነበር፤ ማለፍ። አሁን ሀንድአውት እንሸመድዳለን፣ ቾይስ እናጠቁራለን። መምህሩ «ጥያቄ አለ?» ሲል ግን ክፍሉ ጸጥ ነው። ሁሉም ነገር ገብቶን አይደለም። ጥያቄውን በሆዳችን በአማርኛ አዘጋጅተን ወደ እንግሊዝኛ እስክንገለብጠው ስላይዱ አልፏል። ይህ ዝምታ በእህቶቻችን ዘንድ ይብሳል፤ የሚሳቅባት እየመሰላት አራት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ እጇን ሳታነሣ የምትመረቅ እህት አለች። ይቺ እህት ምን ያህል ታውቅ እንደነበር ማንም ሳይሰማ ትሄዳለች። እኛን የሚያሳስበን ከፈተናው ይልቅ ይሄ ነው።

እስቲ ወደ ጣና ዳር እንውረድ። እንግዳ በጀልባ ወደ ገዳማቱ የሚያሻግሩትን፣ ወደ ጢስ ዓባይ የሚወስዱትን ልጆች ሰምታችኋል? ከመካከላቸው ትምህርት ያቋረጡ አሉ። ሰዋስዋቸው ይንጋደዳል፤ ግን ይጠይቃሉ፣ ይመልሳሉ፣ በዋጋ ይከራከራሉ፣ ቀልድም ጣል ያደርጋሉ። ዛሬ ያልተናገረ ዛሬ አይበላም፤ በቃ፣ ምክንያታቸው ይህ ነው።

ሌላም ምሳሌ ከዚሁ ከተማ አይርቅም። ፖሊ በ1955 ዓ.ም የተከፈተው በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ነው። በደርግ ዘመን ደግሞ ብዙ የሀገራችን ወጣቶች ለትምህርት ወደዚያው ሀገር ሄደዋል። አንድ የመሰናዶ ዓመት ሩሲያኛ ይማሩና በዚያው ቋንቋ ሕክምና ወይም ምሕንድስና ይጀምሩ ነበር። በሰው ሀገር መኖራቸው እንደረዳቸው አይካድም። ቢሆንም አንድ ዓመትና 12 ዓመት!

በስብሰባው ላይ የተቃወሙን ወንድሞች «ዐረብኛ የቁርኣን ቋንቋ ነው፤ እንግሊዝኛ የዱንያ ነው፤ ለዱንያው ሙሉ ቀን ክፍል ውስጥ ውለናል» ብለዋል። ቅናታቸውን እናከብራለን። ግን ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ) እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት፤ የሚላኩና የሚመጡ ደብዳቤዎችን የሚጽፍና የሚያነብ የታመነ ሰው አስፈልጓቸው ነበር። ግማሽ ወር ሳይሞላ እንደቻለው ቲርሚዚይ ዘግበውታል። በአቡ በክር (ረ.ዐ) ዘመን ቁርኣንን አንድ ላይ እንዲሰበስብ አደራ የተሰጠውም ይኸው ዘይድ ነው። የሰው ቋንቋ መማሩ ከቁርኣን አላራቀውም።

ወደ ዘመናችን ስንመጣም ሁለቱ ቋንቋዎች ተጣልተው አናያቸውም። በ1983 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የማሌዥያ ዓለም አቀፍ ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲ በዋናነት የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። ጅዳ ያለው የኢስላማዊ ልማት ባንክም ከዐረብኛ ጎን ለጎን በእንግሊዝኛ ይሠራል። ሀገራችንም ውስጥ ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከወለድ ነጻ ባንክ የአካውንቲንግና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎቻችን ተስፋ ሆኗል። ሙራበሐንና ሙሻረካን ከፊቅህ ኪታብ ያላወቀ እዚያ ገብቶ ምን ይሠራል? የሒሳብ መግለጫውን በእንግሊዝኛ አንብቦ መተንተን የማይችልስ? አንዱ ቋንቋ ብቻውን ሰውየውን ግማሽ ያደርገዋል።

በእርግጥ «ቋንቋ ቋንቋን ይበላል» የሚለው ሥጋት ባዶ አይደለም። እዚሁ ጣና ዳር የሚኖሩት፣ በደንገል ታንኳቸው የምናውቃቸው የነገደ ወይጦ ወንድሞቻችን አያቶች የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ሲያልፍ ቋንቋቸው ከሌሎቹ ፈጽሞ የተለየ መሆኑን ጽፏል። ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። የእኛ ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። ወላጅ ከልጁ ጋር መነጋገሩን ሲተው ነው ቋንቋ የሚጠፋው፤ ከዐስር በኋላ አንድ ሰዓት በመማር አማርኛውም ኦሮምኛውም አርጎብኛውም አይነካም።

«ውጭ ለመሄድ ነው የምማረው» የሚሉም አሉ። መብታቸው ነው፤ አላህ ያሳካላቸው። ቪዛው የተከለከለ ዕለት መጽሐፉ አብሮ እንዳይዘጋ ግን ሌላ ምክንያት ቢጨምሩበት እንመክራለን።

አንድ ነገር ደግሞ ስንቶቻችን ልብ ብለናል? ብዙ አማርኛ ተናጋሪ እንግሊዝኛ ሲናገር «ዚስ» እና «ሲንክ» ይላል፤ ምላስን በላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጫፍ አስጠግቶ የሚወጣው ድምፅ በአማርኛ የለማ። ተጅዊድ የቀራ ሰው ግን ሁለቱንም ድምፆች በልጅነቱ ተምሯቸዋል፤ የመጀመሪያው የ«ዛል»፣ ሁለተኛው የ«ሣእ» መኽረጅ ነው። ሸይኻችን «ምላስህን አውጣ!» እያሉ ሲያርሙን ለእንግሊዝኛም እያሰናዱን ነበር ማለት ነው። ከድምፁም በላይ ዘዴው አለን። ደረሳ ጮክ ብሎ ይቀራል፣ ይሳሳታል፣ እዚያው ይታረማል፣ እንደገና ይቀራል። በቁርኣን ሐለቃ ስንታረም የማናፍር ሰዎች በእንግሊዝኛ ለምን እናፍራለን?

ስለዚህ ያቀረብነው እንዲህ ነው። ማክሰኞ ከዐስር ሶላት በኋላ ይሁን፤ የቀሩት የዐረብኛ ቀናት አይነኩም። የሰዋስው ማስታወሻ አይሰጥም፤ እሱ ሞልቶናል። የሚመጣ ሰው ከራሱ ዲፓርትመንት አንድ ገጽ ይዞ ይምጣ፤ ጮክ ብሎ ያንብበው፣ በራሱ ቃል በእንግሊዝኛ ያስረዳን፣ እኛም እንጠይቀው። የሕክምናው ለሕጉ፣ የምሕንድስናው ለግብርናው ያስረዳ፤ ዘርፉን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ሽምደዳን አያስጠጋም። ሲኒየሮች እያረሙ ይመሩታል። እህቶች በራሳቸው ሐለቃ እንዲቀመጡ አሚራዋ ፈቃደኛ ናት፤ እንዲያውም ቀድመን የምንጀምረው ከእነሱ ቢሆን ደስ ይለናል። የሚሳቅበት ሰው እንዳይኖር የመጀመሪያውን ገጽ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች እናነባለን። ያልተስማማችሁ ወንድሞች በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳባችሁን ይዛችሁ ኑ፤ በዚህኛው እንኳ አዛኑ ሳይደርስብን እንጨርስ፣ ኢንሻአላህ።