ተው በሉት!

ይህን ጥሪ የምጽፈው በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በተሁለደሬና በአምባሰል ቀበሌዎች ላለው ኳስ ወዳድ ሁሉ ነው። ከሐይቅ ደሴ ሆጤ ሜዳ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሌላ አቅጣጫ የሄደም በውጫሌ አድርጎ ወልዲያ ይገባል። በሁለቱ ስታዲየሞች መሀል የምንኖር ነንና የሁለቱም ደስታ ይደርሰናል፤ ንዴታቸውም እንደዚሁ። ኅዳር 24 ቀን 2010 የሆነውም ደርሶናል።

የዚያን ዕለት ወልዲያ መቐለ ከተማን በሜዳው ሊያስተናግድ ነበር። ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዘው አዲሱ ስታዲየም ከተመረቀ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። ጨዋታው ሳይጀመር ከተማው ውስጥ ሁከት ተነሣ። ሰው ሞተ፣ ንብረት ወደመ፣ ጨዋታውም ቀረ። ከዚያ በኋላ የአማራና የትግራይ ክለቦች እርስ በርስ ሲገናኙ በገለልተኛ ሜዳ እንዲጫወቱ ተደረገ። ስታዲየም ተሠርቶለት ሳለ ቡድኑን በገዛ ሜዳው እንዳያይ የተደረገው ደጋፊው ነው።

ፖለቲካው ነው ያመጣው ትሉኝ ይሆናል። እውነት አላችሁ። ነገር ግን ፖለቲካው ስታዲየም የገባው ትኬት ቆርጦ አይደለም፤ በእኛው አፍ ነው የገባው። አንድ ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ የተጋጣሚውን ተጫዋች በዘሩ ይሰድባል፤ ከጎኑ ያሉት አራት አምስት ሰዎች ይስቃሉ፤ ከበሮ መቺው ምቱን ያገኝለታል፤ ከአፍታ በኋላ ስድቡ ዜማ ሆኖ ጥግ ድረስ ይሰማል። አብዛኛው ሰው አልተሳደበም። አብዛኛው ሰው ተው አላለም። የእኔ አቤቱታ ከተሳዳቢው ይልቅ በዚህኛው ሰው ላይ ነው።

ደግሞ ነገሩ የአማራና የትግራይ ብቻ ተደርጎ እንዳይታይ። የእኛም ልጆች በሌላ ከተማ ተመሳሳዩን ሰምተው ይመለሳሉ። ቆዳው ጠቆር ያለው ተጫዋች፣ ከጋምቤላም ይምጣ ከናይጄሪያ፣ የሚወረወርበትን ቃል እዚህ ልጽፈው አልፈልግም፤ ታውቁታላችሁ።

ብሽሽቅ ይቅር እያልኩ አይደለም። ብሽሽቅ የሌለበት ኳስ ማን ያያል? አባቶቻችን የገና ጨዋታ ሲጫወቱ ሎሌው ጌታውን በግጥም ይሸነቁጠው ነበር፤ ጌታውም ለዚያች ቀን አይቆጣም። በረኛው ኳስ ካሾለከ ሳቁበት፤ አጥቂው ባዶ ጎል ከሳተ ስሙን እየጠራችሁ ዝፈኑበት፤ ዳኛውን መነጽር ግዛ በሉት። ይህ ሁሉ ስለ ሠራው ነው፤ በሚቀጥለው እሑድ አሻሽሎ አፋችሁን ሊያስይዛችሁ ይችላል። እናቱ በምን ቋንቋ እንዳሳደገችው ግን ሊያሻሽለው የሚችል ነገር አይደለም፤ ሊያሻሽለውም አይገባም።

የዘር መድልዎን ከአፍሪካ እግር ኳስ ለማስወጣት ከተከራከሩት ዋነኛው ሰው የዚህ አገር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ካርቱም ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲካሄድ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም በማለቷ ከውድድሩ ውጭ ሆነች። ከዚያ ወዲህ በሩ እንዳይከፈትላት በየስብሰባው ሲሟገቱ የኖሩት ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ሲመሩም በዚህ አቋማቸው ጸንተዋል። በ1954 ዓ.ም. ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ብቸኛውን ዋንጫችንን ስናነሣ አምበላችን ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ። በዚያ ፍጻሜ እሱም ወንድሙ ኢታሎም ጎል አግብተዋል። ያንን ዋንጫ እየጠራን የምንኮራ ሰዎች ተጫዋችን በዘር መሳደባችን ያሳፍራል።

ሕጉም አለ። የፊፋ መተዳደሪያ ደንብ የሚከለክለው የቆዳ ቀለምን ብቻ አይደለም፤ የብሔርና የትውልድ መድልዎንም በስም ጠቅሶ ይከለክላል። በእኛም አገር የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ያስቀጣል፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ እስራቱ እስከ 5 ዓመት ይሄዳል። ስታዲየም ከዚህ አዋጅ ውጭ የሆነ ቦታ አይደለም። ኳስ በሚታይበት ዲኤስቲቪ ቤትም በጥቁሩ ተጫዋች በቪኒሲየስ ላይ የዝንጀሮ ድምፅ ሲሰማ የሚስቁ ወጣቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ቫሌንሲያ ሜዳ ላይ ያንን ያደረጉት 3 ተመልካቾች በዓመቱ 8 ወር እስራት ተፈርዶባቸዋል፤ ለ2 ዓመትም ስታዲየም እንዳይገቡ ታግደዋል። ከወጣቶቹ አጠገብ ተቀምጦ ለሚስቀው የ12 ዓመት ልጅ ይህንን ማን ይንገረው? የቤቱ ባለቤት ይንገረው። የመግቢያ ሂሳብ የሚቀበል ሰው ቤቱ ውስጥ የሚባለውንም ይመለከተዋል፤ የማይሰማውን ገንዘቡን መልሶ ያስወጣው።

አሁን ለምን ተጣደፍክ ለሚለኝ፦ ከሰሜኑ ጦርነት ጋር ከሊጉ የወጡት የትግራይ ክለቦች በ2017 የውድድር ዘመን ተመልሰዋል። ሊጉ ለዓመታት በተመረጡ ከተሞች ስለተካሄደ ደጋፊ ከደጋፊ በየሜዳው ፊት ለፊት ሳይገናኝ ቆይቷል። አንድ ቀን ይገናኛል። ጦርነቱ ሐይቅንም ደሴንም ወልዲያንም ረግጦ ያለፈ ነው፤ ያዘነና የተቆጣ ሰው ብዙ ነው፤ ማንም ሐዘኑን እንዲረሳ አልጠይቅም። መለያ ለብሶ ሊጫወት የመጣ ልጅ ግን የማንንም ዕዳ አይከፍልም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህንን ነው። ከጎናችሁ ያለው ሰው ዘር ጠርቶ ሲሳደብ ተው በሉት። ጮክ ማለት አያስፈልግም፤ ሰው ፊት ከተዋረደ እልህ ይይዘዋል። በዕድሜ የሚበልጣችሁ ከሆነ «ይተዉ አባባ» በሉ፣ እኩያ ከሆነ «ተው ወንድሜ»። ካልሰማ አትደባደቡ፤ የት እንደተቀመጠና በስንተኛው ደቂቃ ምን እንዳለ ለደጋፊ ማህበሩ አስተባባሪ ወይም ለጸጥታ አስከባሪ ንገሩ። በስልክ ከቀረጻችሁት ቪዲዮውን ለጨዋታው ኮሚሽነር ስጡ። ቲክቶክ ላይ አትልቀቁት፤ ስድቡን ለሌላው ከተማ የሚያደርሰው ያ ነው፣ ብድር የሚመለሰውም በዚያው መንገድ ነው።

አስጨፋሪዎችና ከበሮ መቺዎች፣ እናንተ ከፖሊስ በላይ ትችላላችሁ። ክፉ ዜማ ሲጀመር ከበሮውን አቁሙ፤ ከበሮ ያጣ ስድብ ሩቅ አይሄድም። የአምባሰልን ቅኝት ያወጣ አገር የሚዘፈን ነገር አያጣም።

የደጋፊ ማህበራት፣ ዘር የሰደበ አባል መታወቂያው እንደሚነጠቅ በደንባችሁ ጻፉ፤ መኪናው ወደ ደሴ ከመነሣቱ በፊትም ለተሳፋሪው አንብቡለት። ዳኞችና ኮሚሽነሮች፣ ሪፖርት ላይ «ደጋፊዎች ያልተገባ ባሕርይ አሳይተዋል» ብላችሁ አትለፉት፤ የተባለውን ቃል እንደ ወረደ አስፍሩ። በደፈናው በተጻፈ ነገር የዲሲፕሊን ኮሚቴ ማንን ይቀጣል? የተሁለደሬና የአምባሰል ወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች፣ የቀበሌ ውድድር ዕጣ ከመውጣቱ በፊት የፊፋን ሦስት ደረጃ ደንባችሁ ውስጥ አስገቡት፦ ዳኛው መጀመሪያ ጨዋታውን ያስቆማል፤ ካልበቃ ቡድኖቹን ለጊዜው ያስወጣል፤ ካልሆነም ያቋርጠዋል። ልጆች ይህንን በቀበሌ ሜዳ ካዩ ሆጤ ሲደርሱ አዲስ አይሆንባቸውም።

አበጋሮች፣ ሸሆችና ቀሳውስትም እንደ ልማዳችን ጠብ ከተነሣ በኋላ ብቻ አትጠሩ። ከትልቅ ጨዋታ በፊት ባለው ሳምንት የሁለቱን ቡድን ደጋፊ መሪዎች አስቀምጣችሁ ቃል አስገቧቸው። በወሎ በአበጋር ፊት የተገባ ቃል እንዲሁ በቀላሉ አይፈርስም።

ይህን ያነበባችሁ በሙሉ ለሚቀጥለው ጨዋታ አብሯችሁ የሚሄደውን ሰው ዛሬውኑ አነጋግሩ፤ ከሁለታችሁ አንዱ ዘር ጠርቶ ቢሳደብ ሌላው ተው እንዲለው ተስማሙ።