የእንዶድ አጣቢዎቹና የሳይንቲስቱ ስም

የአንድ ተመራማሪ ሥራ በምን ይመዘናል? በዛሬው የሳይንስ ዓለም አንደኛው መለኪያ ጥቅስ ነው። ተመራማሪው የጥናቱን ውጤት በመጽሔት ሲያወጣ፣ ከእርሱ በኋላ የሚመጡት «ይህን ያገኘነው ከእገሌ ሥራ ነው» ብለው በጽሑፋቸው ይጠቅሱታል። ጥቅሱም ይቆጠራል። አሥር ጽሑፎቹ እያንዳንዳቸው ቢያንስ አሥር ጊዜ የተጠቀሱለት ሰው መለኪያው አሥር ነው ይባላል። ለሹመትና ለምርምር ገንዘብ ሲታጭም ይህ ቁጥር ይታያል።

ነገሩ ለእናቶች እንግዳ አይደለም። የበርበሬ አዘገጃጀት ለልጇ ስታሳይ «ይህን የተማርኩት ከእትዬ እገሊት ነው» የምትል ሴት ባለሙያን መጥቀስ ታውቃለች።

ሳሙና እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን፣ በላስታም ሆነ በሌላው ደጋ አገር ነጠላና ጋቢ ለበዓል የሚነጣው በእንዶድ ነበር። እናቶች ፍሬውን አድርቀውና ወቅጠው፣ ውሃ ውስጥ ሲያሹት አረፋ ይሰጣቸዋል። ለገና ወደ ላሊበላ የሚወጣው ሕዝብ በነጭ ልብስ ደምቆ እንዲታይ ያደረገው የእነዚህ እናቶች ሙያ ነው።

ከላስታ በስተሰሜን በአድዋም ሴቶች እንዲሁ በእንዶድ ያጥቡ ነበር። በ1964 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ወደዚያ ሄዱ። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ምክንያቱን ሲመረምሩም ገዳዩ እንዶድ መሆኑን አረጋገጡ። ቢልሃርዚያ የሚይዘው ውሃ ውስጥ የሚገባውን ሰው ስለሆነ፣ ውሃ የሚቀዱ፣ ልብስ የሚያጥቡና የሚዋኙ እናቶችና ልጆች ዋነኞቹ ተጠቂዎች ናቸው።

ዶክተሩ የመጀመሪያ ጽሑፋቸውን በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት፣ ሰፋ ያለውን ደግሞ በ1970 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት አወጡ። በአድዋ ከ1969 እስከ 1974 በተደረገው ሙከራ በሕፃናት ላይ የነበረው በሽታ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። በአሜሪካ የእንዶድን ንጥረ ነገር ለይተው ያወጡ ኬሚስቶች በስማቸው «ለማቶክሲን» አሉት። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የተሻለውን ዝርያ መርጠው አለሙ። ሁለቱም በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት በስዊድን ተቀበሉ።

ይሁን እንጂ መንገዱ ቀና አልነበረም። በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት በውጭ አገር ባለሙያዎች ዘንድ በቀላሉ አይታመንም ነበር፤ የእንዶድም ጉዳይ ዓመታት ተጓተተ። ዶክተር አክሊሉ ይህን እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 1997 ድረስ፣ በየአደባባዩ ተናግረዋል። ጽሑፍ የሚጠቀሰው ጥሩ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ማን እንደጻፈውና የት እንደታተመም ይታያል። ቁጥሩ ትልቅ ነው ብለን ስንደነቅ ይህንን አንርሳ።

ዶክተሩ ነገሩን ከአጣቢዎቹ እንዳገኙት አልደበቁም። የሴቶቹ ስም ግን ከሳይንቲስቱ ስም ጋር አልተጠራም። የእናት እውቀት በቃል ስለሚኖር ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ፣ እናቶችና እህቶች፣ ልጆቻችሁ ወደ አያታቸው አገር ሲሄዱ ደብተርና እርሳስ ይያዙ። አያት የምታውቀውን ቅጠልና ፍሬ ስሙን፣ ጥቅሙን፣ ጉዳቱንም ይጻፉ፤ ያስተማረቻቸውንም ሰው ስም ከነአገሯ ያስፍሩ። «ለምን?» ብላ የምትጠይቅ ሴት ልጅም ዝም አትባል። ጠያቂዋ ነገ ራሷ የምትጠቀስ ተመራማሪ ትሆናለች።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እንዶድ ለልብስ እንጂ ለሆድ አይደለም። ለኮሶም ሆነ ፅንስ ለማስወረድ ብሎ መጠጣት ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል፤ ውሃ ውስጥ ሲበዛም ዓሣ ይገድላል። ዛሬ የቢልሃርዚያ ዋና መድኃኒት ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን ነው። ልጅዎ ደም የቀላቀለ ሰገራ ወይም ሽንት ካየ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።