ሽሮው ይሸጥ፣ ገበናው ይከደን

ሰሞኑን አንዲት የደብረ ማርቆስ አያት ያነሱልኝ ጥያቄ የብዙ ቤት ጥያቄ ስለመሰለኝ የዛሬውን ዓምድ ሰጥቼዋለሁ። ልጃቸው ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች በቴሌግራምና በቲክቶክ ትሸጣለች። ገበያዋም ደህና ነው። ነገር ግን ከሽሮው ጎን የልጅ ልጃቸው አይጠፋም፤ ሲታጠብ፣ ሲያለቅስ፣ ታሞ ሲተኛ ሳይቀር ይታያል። ሲመክሯት «እማዬ፣ ሰው የሚገዛው ከሚያውቀው ነው» ትላቸዋለች።

እውነት አላት። እኛ አገር ደንበኝነት ትውውቅ ነው። ቅቤ ሻጯ እንኳ «ልጆች ደህና ናቸው?» ሳትለን አትመዝንም። ልዩነቱ ይህ ወሬ በሁለት ሰው መካከል መቅረቱ ነው። በስልክ የተለቀቀ ፎቶ ግን የማናውቀው ሰው እጅ ይገባል፤ ብናጠፋውም የቀዳው ሰው ዘንድ ይኖራል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ?

እናቶቻችን የአራስ ልጅ ፊት በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። ዓይን ይወጋዋል የሚለውን እንደ ጤና ባለሙያ አልቀበለውም። ሕፃን ልጅ ለመጣ ለሄደው ሁሉ አይታይም የሚለውን ሥርዓታቸውን ግን እቀበላለሁ።

በነርስነት ስናገለግል የታማሚ ካርድ ለማንም እንደማይገለጥ ተምረናል። የሙያ ምስጢር ማባከን በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 399 ያስጠይቃል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና መረጃን የተለየ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ መድቦታል። ታዲያ ነርሷ ለጎረቤት መናገር የማትችለውን የልጅ ሕመም እናት ለሺህ ሰው ስትለጥፈው ልጁ ምን ይላል? ዛሬ አያውቅም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን የክፍል ጓደኞቹ አውጥተው ያሳዩታል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ሁሉ የእነሱ ደህንነት እንዲቀድም ይላል።

ሌላም አለ። እገታ ቤተሰብ በሚያስለቅስበት በዚህ ጊዜ የልጁን ዩኒፎርም፣ የቤቱን በር፣ አባቱ መንገድ የሚወጣበትን ቀን፣ የዕለቱን ሽያጭ ብር ማሳየት አደጋ መጥራት ነው።

ታሪክ ሳይነግሩ መነገድ አይቻልም ወይ? ታሪኩማ ይነገር፤ የማን ታሪክ እንደሆነ ግን ይለይ። ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሠፈር ስትመሠርት ያደገችበትን ሠፈር አልደበቀችም። ዘነበወርቅን እኛ የጤና ሰዎች የምናውቀው በሥጋ ደዌ ሕክምናው፣ በአለርት ሆስፒታል ነው። እሷ ለዓለም የነገረችው ግን የሠፈሩን ሰዎች የእጅ ሙያ፣ በእጅ የተፈተለውን ጥጥና ከአሮጌ ጎማ የሚሠራውን ሶል ነበር። የሰው ሙያ ሲነገር ያስከብራል፤ የሰው ቁስል ሲነገር ግን ባለቤቱ መፍቀድ አለበት።

በርበሬ ሻጯም ብዙ የምታሳየው አላት። ዛላው ሲለቀም፣ በንጹሕ ሸራ ላይ ሲሰጣ፣ ቅመሙ ሲታመስ፣ እጇን በሳሙና ስትታጠብ ታሳይ። በደንብ ያልደረቀ በርበሬ ይሻግታል፤ ከአንዳንዱ ሻጋታ የሚወጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ደግሞ ጉበት ይጎዳል። «እንዲህ አድርቄ፣ እዚህ አስቀምጬ ነው የምሸጥላችሁ» ብትል ከልጇ ለቅሶ ይልቅ ደንበኛ ያምናታል። ሙያውን ከእናቷ መማሯን መናገር ከፈለገችም እናቷን ታስፈቅድ።

አያቶች ሆይ፣ ይህን ስትመክሩ በሰው ፊት አታድርጉት፤ «ስልክ አበላሽቷችኋል» ብላችሁም አትጀምሩ። እንጀራዋ ነውና ትከፋለች። ቡና አፍሉና ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ የለጠፈችውን አብራችሁ እዩ፤ የትኛው ሽሮ እንደሸጠ፣ የትኛው ልጁን ብቻ እንዳሳየ እሷው ትለየዋለች። የሚጠፋውን ያን ዕለት አጥፉ።

ልጁ ነፍስ ያወቀ ከሆነ ደግሞ ከመለጠፉ በፊት እሱ ይጠየቅ። እንቢ ካለ እንቢ ነው፤ ገበያው ሌላ መንገድ አያጣም።