ጀርመንኛው ለጌጥ አይደለም

የዓለም አቀፍ ግንኙነትን ትምህርት ከጀርመንኛ ቋንቋ ጋር አጣምረን የያዝን ተማሪዎች በምግብ አዳራሹ አንድ ጥያቄ ሁልጊዜ ይቀርብልናል፤ «እንግሊዝኛው መች አነሳችሁ?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹን አንቀየምም፤ መልሱን ግን ከበርሊን ሳይሆን ከአምባሰል እንጀምራለን።

ከደሴ ወደ ወልድያ የተጓዘ ሁሉ ሐይቅን አልፎ ውጫሌን ያገኛል። በዚያው አገር፥ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከኢጣልያው መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር ተዋዋሉ። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ፥ ንጉሡ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ኢጣልያንኛው ግን በዚያ በኩል ለመላላክ ተስማምተዋል ይላል። ሮማም ይህንን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ስትል ለኃያላኑ አስታወቀች። በሐይቅ እስጢፋኖስ አካባቢ ያደግን ልጆች የመጻሕፍት መምህራን አንዲቱን ቃል «አንድም» እያሉ ሲያገላብጧት ሰምተናል፤ ምነው አንዱ በዚያ ድንኳን ኢጣልያንኛ አውቆ በተገኘ ያሰኛል።

ብዙ የማይነገረው የጀርመን ድርሻ ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት መሆናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ጽፈው በ1882 ዓ.ም. ከለንደንም ከበርሊንም የመጣላቸው መልስ፥ ጉዳይዎን በኢጣልያ በኩል ያድርጉ የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችን እናውቀዋለን፤ ውሉ በ1885 ዓ.ም. ፈረሰ፥ ነገሩም በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ተቆረጠ። በ1897 ዓ.ም. ግን ያችው በርሊን ሮዘንን አዲስ አበባ ድረስ ልካ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለች፤ በሮማ በኩል ማለፍ አላስፈለጋትም።

የውጫሌው ጣጣ የኢጣልያንኛ እንጂ የጀርመንኛ አይደለም የሚለን ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ሌላው ሊተረጉምለት የወደደውን ብቻ ያያል። በ1898 ዓ.ም. አክሱምን ያጠናው የሊትማን ጓድ ያሳተመው ባለአራት ጥራዝ መጽሐፍ በጀርመንኛ ነው፤ ስለ ገዛ ሐውልቶቻችን የተጻፈውን እስከ መቼ ከሌላ ሰው ማጠቃለያ እንቃርማለን? የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ በ1644 ዓ.ም. ጎታ ድረስ ሄደው ሉዶልፍን ሲያስተምሩ፥ ሰውየው የእኛን ቋንቋ በትርጉም ልወቀው አላለም።

ጥያቄያችን ትልቅ አይደለም። የጀርመንኛው ክፍል ከዓለም አቀፍ ሕግ ትምህርት ጋር በአንድ ሰዓት ስለ ወደቀ አንዱን ስንከተል ሌላው ያመልጠናል፤ የቋንቋው ነጥብም ለዲግሪው አይቆጠርም። መምህራኖቻችን የመጪው መንፈቅ ዓመት የሰዓት ድልድል ከመለጠፉ በፊት ሁለቱን ክፍሎች እንዲለያዩልን፥ ነጥቡም እንዲቆጠር እንጠይቃለን። የውል ትምህርት የሚሰጡትም 17ኛውን አንቀጽ በሁለቱም ቋንቋ በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን አድርገው ቢያድሉን፥ ወረቀቱን ማባዛቱ የኅብረታችን ፈንታ ይሁን።