የመስኖው ንድፍ ከመስኖው ጋር ይረከብ

“በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ይላሉ አበው። አባባሉ ዛሬም እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ በአንድ ባለሙያ ላፕቶፕ ወይም ፍላሽ ላይ ብቻ ተቀምጦ ከሆነ፣ ባለሙያው ሲዛወር ወይም ፍላሹ በቫይረስ ሲመታ ከቃልም ፈጥኖ ይጠፋል። የአነስተኛ መስኖ አውታሮች የዲዛይን ሰነድ ለዚህ አደጋ ከማንም በላይ የተጋለጠ ነው።

በአገራችን አመዳደብ ከ200 ሄክታር በታች የሚያለማ መስኖ አነስተኛ፣ ከ3 ሺህ ሄክታር በላይ የሚያለማ ደግሞ ሰፊ ይባላል። 7 ሺህ ሄክታር ገደማ ለማልማት እንደ ተገነባው እንደ ቆጋ ያለ ሰፊ መስኖ የብዙ ተቋማት ዓይን ያርፍበታል። አነስተኛው ግን ሪባን ተቆርጦ ለወረዳውና ለአርሶ አደሩ ከተሰጠ በኋላ አስታዋሹ ጥቂት ነው። አማካሪው፣ ሥራ ተቋራጩና ተቆጣጣሪ መሐንዲሱ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ። ንድፉም አብሯቸው ይሄዳል።

የንድፍ መጥፋት የቢሮ ሰዎች ጣጣ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ካለ የቦይ ጥገናን ያስታውስ። አንድ ዋና ቦይ በ1 ኪሎ ሜትር ርዝመት 1 ሜትር ብቻ እንዲወርድ ተነድፎ ከሆነ፣ በጥገና ጊዜ ወለሉ አንድ ቦታ ላይ በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል የ100 ሜትር ቁልቁለት ይበላል። ውሃው ከዚያ በስተኋላ ይተኛል፤ ደለሉን ይጥላል፤ ከቦዩ መጨረሻ ያለው ገበሬ ሽንኩርቱ ይጠወልግበታል። ትክክለኛው የወለል ከፍታ ደግሞ ያለው በንድፉ ላይ ነው።

ግድብም እንዲሁ ነው። ምን ያህል ደለል እንደገባበት ለማወቅ ውሃ ከመያዙ በፊት የተነሣው የመሬቱ ከፍታ ያስፈልጋል። በአፈር ግድብ ሥር የተቀበረ የውሃ ማስወጫ ቧንቧ በየት በኩል እንደሚያልፍ ሳይታወቅ መቆፈር ግድቡን ራሱን ይጎዳል። የላይኛውና የታችኛው ተጠቃሚ በውሃ ተራ ሲጣሉም፣ አውታሩ የማንን ማሳ እንዲያጠጣ እንደታቀደ የሚያሳየው ካርታ ካለ የውሃ አባቶች የሚይዙት ጭብጥ ያገኛሉ፤ ከሌለ ጉልበተኛው ይፈርዳል።

ዋናው ነጥብ ሰነዱ መቼ ይቀመጥ የሚለው ነው። ሁሉንም በርክክብ ቀን ለመሰብሰብ መሞከር ዘግይቷል። ቁፋሮው ቋጥኝ ሲገጥመው ቦዩ ይዞራል፤ ማከፋፈያ ሳጥን ከታሰበበት ቦታ ይነሣል። ስለዚህ መሬት ላይ ያለው ሥራ መጀመሪያ ከተነደፈው ይለያል። ዲዛይኑ ሲጸድቅ፣ ውል ሲፈረም፣ የለውጥ ትእዛዝ በተሰጠ ቁጥር፣ በጊዜያዊ ርክክብና በመጨረሻ ርክክብ ጊዜ የፋይሉ ቅጂ ቀን ተጽፎበት መቀመጥ አለበት። ያ ቅጂ ከዚያ በኋላ አይነካም፤ ሥራው በሌላ ቅጂ ይቀጥላል። “የመጨረሻው”፣ “የመጨረሻው 2”፣ “እውነተኛው የመጨረሻው” የሚል ስም የተሰጣቸው ፋይሎች ክምችት መዝገብ አይባልም፤ የትኛው እንደጸደቀ አይናገርምና።

ምን ይቀመጥ ለሚለው፣ ንድፉ በተሠራበት የአውቶካድ ፋይልም፣ በማንኛውም ኮምፒውተር በሚከፈት ፒዲኤፍም ይቀመጥ። የአውቶካድ ፋይል ፕሮግራሙ በሌለበት አይከፈትም፤ ተያያዥ ፋይሎቹ አብረው ካልመጡም ጎዶሎ ሆኖ ይታያል። የቅየሳ ነጥቦች፣ በየትኛው የልኬት መነሻ እንደተለኩ፣ መሬት ላይ የተተከሉት የከፍታ ምልክቶች ያሉበት ቦታ፣ የውሃ መጠን ጥናቱ፣ የሥራ ዝርዝሩ፣ የለውጥ ትእዛዞቹና ከመቀበሩ በፊት የተነሣ የእያንዳንዱ ሥራ ፎቶ አብረው ይግቡ። በርክክብ ጊዜ የሚገባው ንድፍም የታቀደውን ሳይሆን የተሠራውን ያሳይ።

ቅጂው በሦስት ቦታ ይኑር። አንዱ በወረዳው መዝገብ ቤት ቁጥር ወጥቶለት፣ ሁለተኛው በዞን ወይም በቢሮ፣ ሦስተኛው በወረቀት ታትሞ በመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር እጅ። አዋጅ ቁጥር 841/2006 አውታሩን የማስተዳደርና የመጠገን ኃላፊነትን ለማኅበሩ ሰጥቷል። ጠግን ተብሎ ንድፉን መከልከል ግን ቁልፍ ሳይሰጡ ቤት እንደማስረከብ ነው። የመሥሪያ ቤት መከፈልና መዋሃድም ሊታሰብ ይገባል። በፌዴራል ደረጃ እንኳ ከውሃ ጋር በአንድ ሚኒስቴር ሥር የነበረው መስኖ በ2014 ዓ.ም. የራሱ ሚኒስቴር ተቋቁሞለታል። ኃላፊነት ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲሻገር ሰነድ በመንገድ እንዳይቀር መድኃኒቱ ከአንድ በላይ ቅጂ ነው።

ወረዳዎች “ኮምፒውተር የለንም፣ ባለሙያ አይረጋልንም፣ በጀት ጠባብ ነው” ቢሉ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ባለሙያ የማይረጋ ከሆነ ሰነዱ መርጋት ያለበት በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ የታተመ የንድፍ ጥራዝ ኤሌክትሪክም ኮምፒውተርም አይፈልግም፤ ዋጋውም ከአንድ ቀን የኤክስካቫተር ኪራይ ጋር አይወዳደርም። ይህ ወጪ ከመጀመሪያው በውሉ የሥራ ዝርዝር ውስጥ ይግባ፤ ሰነዱ ሳይገባ የመጨረሻው ክፍያ እንደማይለቀቅም በውሉ ይጻፍ። በውል ያልተጻፈን ነገር በርክክብ ማግስት መጠየቅ ልመና ይሆናል።

ንድፋቸው ለጠፋባቸው ነባር አውታሮችም መፍትሔ አለ። በበጋ ቦይ ሲጠረግ የወረዳው ቀያሽ ከውሃ አባቶች ጋር ቦዩን በእግር ተከትሎ ሳጥኖቹን፣ መዝጊያዎቹንና የተቀበሩ ቧንቧዎችን በካርታ ላይ ሊያሰፍር ይችላል። ግንባታው ሲካሄድ ያዩ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ቢሠራ ይመረጣል።

አርሶ አደሩም በርክክብ ቀን መዝጊያው ተከፍቶ ውሃ ሲወርድ ማየቱ ብቻ አይበቃውም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ከመፈረሙ በፊት “ንድፉስ የታል?” ብሎ ይጠይቅ። የወረዳው ኃላፊም መልሱን በእጁ ይዞ ይገኝ።